ኤሲ ሲሸት ምን ይደረጋል? ለአዳማ ቤቶች

ክረምቱንና ብርዱን ተዘግቶ የከረመ ኤሲ መጋቢት ላይ ሲከፈት ቤቱን የእርጥብ ካልሲ ሽታ ይሞላዋል። ሽቶ መርጨት ሽታውን ለአንድ ምሽት ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ምንጩ እርጥበትና አቧራ ነውና።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ በአብዛኛው ከውጭ አየር አያስገባም፤ የክፍሉን አየር እየሳበ አቀዝቅዞ ይመልሰዋል። ውስጡ ያሉት ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች ሲቀዘቅዙ፣ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ እንደምናየው ውሃ ያዝላሉ። አዳማ ዙሪያ ተርባይኖቹን የሚያሽከረክረው ነፋስ ደግሞ አቧራውን በመስኮት ይዞ ይገባል። ሁለቱ ሲገናኙ ሻጋታ ያበቅላሉ። የዕጣን ጭስ ሲጨመርበት ሙጫው ክንፎቹ ላይ ተለጥፎ አቧራውን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ቡና ሲፈላ ኤሲውን አጥፍቶ መስኮት መክፈት ይሻላል።

ከማጠብዎ በፊት ሽታውን ይለዩ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ወይም ሽቦ የሚሸት ከሆነ ወዲያው ብሬከሩን ያውርዱና ኤሌክትሪሽያን ይጥሩ፤ ይህ በእጥበት የሚፈታ አይደለም። የበሰበሰ ሥጋ ዓይነት ሽታ ከሆነ አይጥ ወይም እንሽላሊት ውስጡ ሞቶ ሊሆን ይችላል። የሽንት ቤት ሽታ ከሆነ ችግሩ ያለው የኤሲው ውሃ የሚወርድበት ቱቦ ላይ ነው። ቱቦው ከፍሳሽ መስመር ጋር ተገናኝቶ ከሆነ፣ ሲፎኑ (የቱቦው ጎበጥ ያለ ክፍል) ውስጥ የሚቆመው ውሃ ነው ሽታውን የሚያግደው። ኤሲው ለወራት ሳይሠራ ሲቀር ያ ውሃ ይደርቅና መንገዱ ክፍት ይሆናል። ከክንፎቹ ሥር ውሃው በሚጠራቀምበት ሳህን በኩል ግማሽ ሊትር ንጹሕ ውሃ ቀስ አድርገው ቢያፈሱ ሲፎኑ ይሞላል። ሲፎን ጭራሽ ከሌለ ግን ቱቦውን ከፍሳሹ ነቅሎ ውጭ ባልዲ ወይም አትክልት ላይ እንዲወርድ ማድረግ ነው።

የእርጥብ ካልሲ ሽታ ከሆነ እጥበቱን እቤት መሥራት ይቻላል። ብሬከሩን ያውርዱ፤ በሪሞት ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የፊቱን ክዳን ከፍተው ፊልተሮቹን ይሳቡ። ውሃውን ከኋላቸው በኩል ወደ ፊት ያፍስሱባቸው፤ ከፊት ካፈሰሱ አቧራው ወንፊቱ ውስጥ ይሰነቀራል። የፈላ ውሃ አይጠቀሙ፣ ፀሐይ ላይም አያስጡ፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ጥላ ሥር በደንብ ይድረቁ።

ክንፎቹን በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይጥረጉ፤ ወደ ጎን ከሄዱ ይታጠፋሉ፣ አየርም አያሳልፉም። ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥብጠው ይርጩ፣ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያም አረፋው እስኪጠፋ በንጹሕ ውሃ ይርጩ። አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል የኤሌክትሪክ ሰሌዳው ስላለ ያን ጎን በፌስታል ይሸፍኑ። በረኪና አይጠቀሙ፣ አሉሚኒየሙን ይበላል፤ ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለማ የሚወጣው ጋዝ ለሳንባ አደገኛ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ያቆምና ሽታው ሲመለስ ይገረማል። የቀረው የአየር መውጫው ውስጥ ያለው ረጅሙ ክብ ፋን ነው። በስልክዎ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ፦ በየምላጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ ሻጋታው እዚያ ነው። ብሬከሩ እንደወረደ በእጅ እያዞሩ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙናው ውሃ እያንዳንዱን ምላጭ ይፈትጉ፤ ሥሩ ፕላስቲክ ያንጥፉ፣ ጥቁር ውሃ ይወርዳል። አሠልቺ ነው፤ ግን ለውጡን የሚያመጣው እሱ ነው።

የታጠበው እስኪደርቅ ከጠበቁ በኋላ ማቀዝቀዣውን ሳይከፍቱ ፋኑን ብቻ ለ30 ደቂቃ ያሠሩ። በየምሽቱም ከማጥፋትዎ በፊት 15 ደቂቃ እንዲሁ ያድርጉ። ኤሲው እየሠራ መብራት ከሄደ ክንፎቹ እንደረጠቡ ይቀራሉና፣ ሲመጣ መጀመሪያ በፋን ያድርቋቸው። አቧራ በሚበዛበት ወቅት ፊልተሩ በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ።

ጥገና ሲያስጠሩ ለሻጋታ ሽታ «ጋዝ ይሞላ» ከተባሉ አይቀበሉ። ጋዙ በተዘጋ መስመር ውስጥ ስለሚዞር በአገልግሎት አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፣ መጀመሪያ እሱ ተፈልጎ ይደፈን።