እንቁላል አስታቅፎ ጫጩት ማስፈልፈል፤ ያለ ማሽን፣ በጓሮ

የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ነው የምትጥለው እየተባለች ትናቃለች። ለጓሮ ግን ከእርሷ የተሻለች አላውቅም። ለእንቁላል ብቻ የተመረጡት የውጭ ዝርያዎች መታቀፍን ከሞላ ጎደል ትተውታል። የእኛዋ ግን ትታቀፋለች፣ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቿንም ይዛ ታሳድጋለች። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚያሳስብ የመፈልፈያ ማሽን ከመግዛት ይህችን ዶሮ ማገዝ ይሻላል። የሚያመቸው ጊዜ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ በዝናብ ወራት የተፈለፈለ ጫጩት በብርድና በእርጥበት ያልቃል።

እንቁላሉ

አውራ ዶሮ ከሌለበት ቤት የመጣ እንቁላል ምንም ቢታቀፉት ጫጩት አይሆንም። ሱቅ የሚሸጠው የእርባታ እንቁላል በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። እኔም «አውራ አለው» ተብሎ የተሸጠልኝ እንቁላል ሁሉም ባዶ ወጥቶ፣ ምስኪኗ ዶሮ በከንቱ ከስታ ተነስታለች። ስለዚህ አውራውን በዓይንዎ ካላዩ አይግዙ።

ከተጣለ ሳምንት ያልሞላው፣ ያልተሰነጠቀ፣ መካከለኛ መጠን ያለው ይምረጡ። ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገው ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ያቆዩት፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን አያስገቡት። አያጥቡት፤ ቅርፊቱን ከጀርም የሚከላከለው ስስ ሽፋን በውሃ ይለቃል። ለአንዲት ዶሮ ከ10 እስከ 12 ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ዳር ያሉት ይበርዳቸዋል፤ ዶሮዋ እንቁላሎቹን ስለምታገላብጥና ቦታ ስለምታቀያይር ደግሞ ብርዱ ለሁሉም በየተራ ይደርሳል።

ዶሮዋን ማዛወር

መታቀፍ የፈለገች ዶሮ ትታወቃለች። ማታ ቆጥ ላይ በመስፈር ፈንታ ጎጆዋ ላይ ታድራለች። እጅ ሲጠጋት ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች፣ ትነቁራለች። የደረቷ ላባ ስለሚሳሳ ገላዋ ይታያል።

የብዙ ሰው ድካም ከንቱ የሚቀረው ከዚህ በኋላ ነው። ዶሮዋ ሌሎች ዶሮዎች በሚገቡበት ጎጆ ከታቀፈች እየመጡ ይጥሉባታል፣ እንቁላሉ ይሰበራል፣ ቀኑም ይዘበራረቃል። ስለዚህ ጸጥ ወዳለ ቦታ ማዛወር ያስፈልጋል። በቀን ካዛወሯት ግን ወደ ቀድሞ ቦታዋ ሮጣ ትመለሳለች፣ የተዘጋጀላትም እንቁላል ይቀዘቅዛል።

አስቀድመው ጨለም ያለ ጥግ ያዘጋጁ። በሰፊ ቅርጫት ወይም በተሰበረ ድስት ውስጥ እርጥብ አፈር ጠቅጥቀው፣ መሐሉን በመጠኑ አጎድጉደው የጤፍ ጭድ ያንጥፉበት። ጎድጓዳነቱ በጣም ከበዛ እንቁላሎቹ ይደራረባሉ፤ ሜዳ ከሆነ ይንከባለላሉ። ከመታቀፏ በፊት ክንፎቿን ገልጠው ቅማል እንዳለ ይዩ፤ ካለ ሥሩ ድረስ አመድ ይነስንሱላት። ቅማል የሚበላት ዶሮ ሦስት ሳምንት አትቀመጥም።

ከዚያ በጨለማ፣ ያለ ብዙ ብርሃንና ወሬ፣ እጅዎን ከሆዷ ሥር አስገብተው ቀስ ብለው ያንሷት። በክንፏ ሥር እንቁላል ይዛ እንዳይሆን ይዳስሱ። አዲሱ ጎጆ ላይ መጀመሪያ የሚያስቀምጡላት ቢበላሹ የማያሳዝኑዎትን ሁለት ሦስት እንቁላሎች ነው። አየር የሚያስገባ ቅርጫት ደፍተውባት ይተዉአት። በማግስቱ ወደ ማታ ከፍተው ጥሬና ውሃ ያቅርቡላት። በልታ በራሷ ከተመለሰች የደህናው እንቁላል ጊዜ ደርሷል፤ ያንኑ ሌሊት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይለውጡላት። እየተንጎራደደች ከጮኸች ግን አያስገድዷት። ወደ ቀድሞ ቦታዋ መልሰው ሌሎቹ እንዳይገቡባት እዚያው ይከልሏት። እንቁላሎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት ካደረጉ በኋላ የተጨመረውን ለይተው ማውጣት አይቸግርዎትም።

21ዱ ቀናት

በቀን አንድ ጊዜ ለሩብ ወይም ለግማሽ ሰዓት ያህል ትወጣለች፤ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ አፈር ላይ ትንከባለላለች፣ ብዛቱና ሽታው የሚያስደነግጥ ኩስ ትጥላለች። ሁሉም ጤነኛ ነገር ነው። በቆሎ ወይም ስንዴ ይስጧት። አልወጣም ካለች አንስተው ያውጧት፤ ካልሆነ እዚያው ትከሳለች።

በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በእጅ ባትሪ ብርሃን ላይ ይያዟቸው። ሕይወት ያለው ውስጡ ጥቁር ነጥብና ከእርሷ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታዩበታል። ጥርት ያለውን ያስወግዱ፤ ከቆየ ገምቶ ሊፈነዳ ይችላል።

ከ18ኛው ቀን በኋላ እጅዎን ይሰብስቡ። ጆሮዎን ቢያስጠጉ ጫጩቶቹ ገና ቅርፊት ውስጥ ሳሉ ሲጮኹ፣ እናትየውም ዝቅ ባለ ድምፅ ስትመልስላቸው ይሰማሉ። የመጀመሪያዋ ቀዳዳ ከታየች በኋላ ጫጩቱ እስኪወጣ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ይፈጃል። ቅርፊቱን ላጥ ላጥ አድርጎ መርዳት ያጓጓል፤ አያድርጉት። በዚያ ጊዜ ጫጩቱ የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዱ እያስገባ፣ ደሙንም ከሽፋኑ እየሰበሰበ ነው። ሳይጨርስ ከተላጠ ደሙ ይፈስሳል።

ከተፈለፈሉ በኋላ

አስኳሉ ስለሚመግባቸው በመጀመሪያው ቀን ባይበሉም አይጎዱም። ከዚያ በኋላ ደቀቅ ያለ በቆሎ ከጥቂት የኑግ ፋጉሎ ጋር፣ ከተገኘም ምስጥ ይስጧቸው። የሻገተ እንጀራ ፈጽሞ አይስጡ። ውሃውን ዝቅ ባለ ሳህን፣ ጠጠር ጨምረውበት ያቅርቡ፤ በአንድ ጣት ጥልቀት የሚሰምጥ ጫጩት አለ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናትየውንና ጫጩቶቹን ቀን ከጭልፊት፣ ማታ ከሸለምጥማጥ የሚያድን ከለላ ያብጁላቸው። ሁለት ወር አካባቢ ሲሞላቸው እናትየው ራሷ ትለያቸዋለች።

ከዶሮ በሽታዎች ሁሉ የሚከፋው ፈንግል ነው። አረንጓዴ ተቅማጥ ያስቀምጣል፣ አንገት ያጣምማል፤ አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም። ነጭ ሽንኩርትና ሬት የሚሞክሩ ብዙ ናቸው፤ በተፈጥሮ ማርባት ማለት ግን ክትባትን መተው ማለት አይደለም። ከገበያ የመጣችን ዶሮ ለሁለት ሳምንት ያህል ለብቻዋ ያቆዩ። ቢሾፍቱ የሚመረተውን፣ ሙቀት የሚቋቋመውንና በዓይን የሚንጠባጠበውን ክትባት በአካባቢዎ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠይቁ፤ በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል። አንድ ብልቃጥ ከአንድ ቤት ዶሮዎች በላይ ይበቃል፣ ከተበጠበጠ በኋላም ለሌላ ቀን አይቀመጥም፤ ስለዚህ ከጎረቤቶችዎ ጋር ተነጋግረው ሁላችሁም በአንድ ቀን አስከትቡ።