ባሪስታው ሙያውን አላካፍል ሲል

ካፌያችን ውስጥ አዲስ ልጅ ማሽን ላይ አይደርስም ነበር። ብርጭቆ ሲያጥብ ይከርምና የሙከራ ጊዜው ያልቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። እንግዲህ ችሎታውን ሳታይ ወይ ትቀጥረዋለህ፣ ወይ ታሰናብተዋለህ።

ዋናው ባሪስታችን እጁ ወርቅ ነው፤ ግን አያሳይም። ጠዋት የቡና መፍጫውን ሲያስተካክል ጀርባውን ይሰጣል። ክፉ ሆኖ አይደለም። «ካስተማርኩት በርካሽ እሱን ታስቀሩና እኔን ትሸኙኛላችሁ» ብሎ ሰግቶ ነው። እውነት ለመናገር ስጋቱ መሠረት አለው፤ በየሰፈሩ የሚደረግ ነገር ነው።

ምክር ዋጋ እንደሌለው ገባኝ። የሥራ መደቡን «አሠልጣኝ ባሪስታ» ብለን በደብዳቤ ሰጠነው፤ ደመወዙም ላይ ጨመርን። አንድ ልጅ ብቻውን ማኪያቶ መሥራት ሲችል ደግሞ ቦነስ አለው። የምፈትነው እኔ ነኝ። ልጁ ወተቱን በእንፋሎት ያሞቃል፤ ባሪስታው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። መጀመሪያ ላይ እጁ አላርፍ ብሎት ነበር!

አሁን መፍጫው ጋ ሲቆም ራሱ ይጣራል፦ «ና እይ፤ ቡናው ቶሎ ከወረደ አድቅቀው።» ቅዳሜ ቅዳሜም እረፍት መውጣት ጀምሯል።