ቻክራ ለመክፈት የሚጣደፉ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ዮጋና ተመስጦ ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ። ጀማሪዎችን እወዳለሁ። ጉጉታቸው የኔን የመጀመሪያ ዓመታት ያስታውሰኛል። አንድ ነገር ግን ደጋግሜ ሳየው ትዕግሥቴ ያልቃል። እሱም ቻክራን፣ ማለትም ዮጋ በአከርካሪ መስመር ላይ አሉ የሚላቸውን የኃይል ማዕከላት፣ በትንፋሽ ጉልበት አስገድዶ ለመክፈት መሞከር ነው። ስለዚህ በሱ ልጀምር።

በቅርቡ አንዲት ተማሪ ከክፍሉ ሰዓት ቀድማ መጥታ ጥግ ይዛ ስትተነፍስ አገኘኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። ደረቷ በፍጥነት ከፍ ዝቅ ይላል። እጆቿን ሳይ ደነገጥኩ፤ አንጓዋ ታጥፏል፣ ጣቶቿ ተጣብቀው ደርቀዋል፣ አውራ ጣቷ ወደ መዳፏ ገብቷል። «ኩንዳሊኒዬ እየተነሳ ነው፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ» አለችኝ፣ ደስታና ፍርሃት በተቀላቀለበት ድምፅ። ቪዲዮ ላይ ያየችውን ፈጣን ትንፋሽ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያለ ዕረፍት ስትሠራ ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩና አብረን ትንፋሻችንን በቀስታ ማስወጣት ጀመርን። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቿ ተፍታቱ።

ወገኖቼ፣ ይህ ኩንዳሊኒ፣ ማለትም ከአከርካሪ ግርጌ ይነሳል የሚባለው ኃይል፣ አይደለም። ሰው ሰውነቱ ከሚፈልገው በላይ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ውስጥ በብዛት ይወጣል። የደሙ አሲድነት ይቀንሳል፣ ነርቮች በትንሹም በትልቁም ይነቃቃሉ፣ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች ይጠባሉ። ከዚያ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጣት ውርር ይላል፣ ራስ ያዞራል፣ እጅ ይኮማተራል። ቻክራ የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ ሰውም እንደዚያ ቢተነፍስ ያው ነው የሚሰማው። እኔን የሚያበግነኝ ደግሞ ተማሪው ሲንቀጠቀጥ እያዩ «በርታ፣ እየተከፈተልህ ነው» የሚሉ አስተማሪዎች ናቸው። በዚያ ሰዓት ሰውየው የሚያስፈልገው ትንፋሹን እንዲያረጋጋ የሚነግረው ሰው ነው።

የድሮዎቹ መምህራን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስቫትማራማ ያዘጋጀው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ የተባለ መጽሐፍ ትንፋሽን ከአንበሳ፣ ከዝሆንና ከነብር ጋር ያመሳስለዋል። እነዚህን አውሬዎች የሚያላምድ ሰው ቀስ እያለ ነው፤ ትንፋሽም እንደዚሁ፣ አለዚያ ባለቤቱን ይገድላል ይላል። የፓታንጃሊን የዮጋ ሱትራ የተባለ ጥንታዊ ጽሑፍ ብታዩም ከስምንቱ የዮጋ ክፍሎች ፕራናያማ፣ ማለትም የትንፋሽ ልምምድ፣ የሚመጣው አራተኛ ላይ ነው። ከሱ በፊት ከሰው ጋር እንዴት እንደምትኖሩ፣ ራሳችሁን እንዴት እንደምትገሩ እና ተረጋግቶ መቀመጥ አሉ። ሦስቱን ዘሎ አራተኛው ላይ መውጣት ነው ችግሩ።

ካፓላባቲና ባስትሪካ የሚባሉት ኃይለኛ ትንፋሾች ለሁሉም ሰው አይሆኑም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም ግላኮማ ካለባችሁ፣ በቅርቡ ሆዳችሁን ቀዶ ሕክምና ከተደረጋችሁ ተዉት። ከዚህ በፊት ከባድ የአእምሮ ሕመም የገጠመው ሰውም ከሐኪሙ ሳይመክር በእነዚህ ባይገፋ እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ስህተት ቻክራን እንደ ቧንቧ ማሰብ ነው። «ልቤ ተዘግቷል»፣ «ጉሮሮዬ ታፍኗል»። ሰው አንዴ እንዲህ ከተባለ ዓመት ሙሉ ይዞት ይዞራል። አንድ ተማሪዬ ድምፁ ሻክሮ መጣ። ሌላ ቦታ የጉሮሮ ቻክራህ ተዘግቷል ብለውት ወር ከምናምን ማንትራ፣ ማለትም እየደጋገሙ የሚያሰሙት ቅዱስ ቃል፣ ሲደግም ከርሟል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መሻከር ለሐኪም ይታያል አልኩት። ሄደ፣ የድምፅ አውታሩ ላይ ትንሽ እብጠት ተገኘበት። ማንትራው ባልከፋ፣ ድምፁን ማሳረፍ ሲገባው በየቀኑ እየጮኸ ሲያባብሰው ነበር እንጂ። የሚያም ነገር ካለ መጀመሪያ ሐኪም። በቃ።

ታዲያ ቻክራ ምንድን ነው? ቃሉ በሳንስክሪት መንኮራኩር ማለት ነው። ዛሬ በብዛት የሚታወቀው ሥርዓት የመጣው ፑርናናንዳ የተባለ መምህር በ1577 ከጻፈው የስድስቱ ቻክራዎች መግለጫ ነው። እሱ ላይ እያንዳንዱ ቻክራ እንደ አበባ ቅጠሎች አሉት፤ ከታች ወደ ላይ 4፣ 6፣ 10፣ 12፣ 16 እና 2። ደምሯቸው፣ 50 ይመጣል። በየቅጠሉ ላይ አንዳንድ የሳንስክሪት ፊደል ተጽፏል። ፊደል ገበታ በአከርካሪ ላይ ከታች እስከ ቅንድብ ተዘርግቶ እንደማለት ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረዳሁ ቀን ደስታዬን አልረሳውም። የታችኛውን ሙላዳራን ብትወስዱ ቢጫ አራት ማዕዘን፣ የምድር ምልክት፣ ዝሆን እና «ላም» የሚል የዘር ድምፅ አለው። ይህ ሁሉ ተቀምጠህ በዓይነ ኅሊናህ እየሣልክ፣ ድምፁን እያሰማህ፣ አሳብህን እዚያ የምታሳርፍበት ነው። ስለዚህ «ተዘግቷል ወይስ ተከፍቷል?» ከሚለው ይልቅ «እዚህ ቦታ ላይ ስንት ትንፋሽ ያህል መቆየት እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የቻክራ ቁጥር ሰባት ብቻ ነው ብላችሁ አትከራከሩ። ፑርናናንዳ አናት ላይ ያለውን ባለ ሺህ ቅጠሉን ሳሃስራራን ከስድስቱ ጋር አይቆጥረውም፣ ከነሱ በላይ ነው የሚያደርገው። ሄቫጅራ የተባለው የቡድሂስቶች ታንትራ (የምሥጢራዊ ልምምድ መጽሐፍ) ደግሞ አራት ብቻ አለው። ለየቻክራው የሚሰጠው የቀስተ ደመና ቀለምም ቢሆን የ20ኛው ክፍለ ዘመን የምዕራባውያን አሠራር ነው። በ1919 ጆን ውድሮፍ የፑርናናንዳን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ካሳተመ በኋላ ነገሩ በየአቅጣጫው ተቀጠለ። ቀይ ሙላዳራ የሚረዳችሁ ከሆነ ተጠቀሙበት፤ ጥንታዊ ነው ብላችሁ ግን አታስተምሩ።

ናዲዎችን፣ ማለትም ዮጋ ኃይል ይፈስባቸዋል የሚላቸውን መስመሮች፣ ከነርቭ ወይም ከደም ሥር ጋር አታምታቱ። 72,000 ናቸው ሲባል ሬሳ ተከፍቶ ይቆጠራሉ ማለት አይደለም።

አሁን የራሴ ጥፋት። ጀማሪ ሳለሁ የታችኞቹን ቻክራዎች ንቄ በቀጥታ ቅንድቤ መሃል ወደ አጅና ሄድኩ። በየማታው ዓይኔን ወደ ላይ ቀልብሼ፣ ግንባሬን አኮሳትሬ፣ ብርሃን እስካይ እታገላለሁ። ሁለት ወር እንዲህ ቆየሁ። ያተረፍኩት ከቅንድብ እስከ ማጅራት የሚወጥር ራስ ምታት እና እንቅልፍ ማጣት ነው። ከሰው ጋር ስነጋገር እንኳ አሳቤ ግንባሬ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። አስተማሪዬ ሲያየኝ ብዙ አልተናገረም። «ለአንድ ወር ከእምብርትህ በላይ አትውጣ» አለኝ። ተናደድኩ። አደረግኩት። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፌ ተመለሰ። ዛሬ ተማሪ ስለ ሦስተኛ ዓይን ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማየው መንጋጋውን ነው፤ ጥርሱን ከነከሰ ወደ ታች እመልሰዋለሁ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። ኃይል ሁሉ ወደ ላይ ብቻ መሄድ አለበት የሚል። ዮጋ ፕራናን፣ ማለትም የሕይወት ኃይልን፣ በአምስት ይከፍላል። ከአምስቱ አንዱ ራሱ ፕራና ይባላል፣ ደረት አካባቢ ነው፣ ሳማና እምብርት ላይ፣ ኡዳና ጉሮሮ ላይ፣ ቪያና በመላ ሰውነት። አፓና ደግሞ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ የሰውነት ቆሻሻ መውጣት፣ የወር አበባና ወሊድ በሱ ሥር ናቸው። ሃታ ዮጋ የሚፈልገው ፕራናና አፓና እንዲገናኙ ነው። ወደ ላይ ብቻ የሚገፋ ሰው ቀስ በቀስ ይቅበጠበጣል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል። እግሩን መሬት ላይ ማስቀመጥ ነው የሚያስፈልገው።

አፍንጫ እያቀያየሩ መተንፈስ፣ ናዲ ሾዳና፣ ለጀማሪ ከሁሉ ይሻላል። ዋናዎቹ ናዲዎች ሦስት ናቸው፤ በግራ ኢዳ፣ በቀኝ ፒንጋላ፣ በመሃል ሱሹምና። ትንፋሽ አትያዙ ብቻ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም አትያዙ። አንዱ አፍንጫችሁ ጠበብ ቢል ደግሞ አትጨነቁ፤ ጤነኛ ሰውም በየጥቂት ሰዓቱ አንዱ አፍንጫው ሲከፈት ሌላው ይጠባል።

ሳይጠይቋችሁ ለሰው «ልብህ ዝግ ነው» አትበሉ። ያ ሰው ምናልባት ትናንት ሰው ቀብሮ መጥቶ ይሆናል።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ እኔ የማስጀምረው እንዲህ ነው። ተቀመጡ። ሁለቱን የመቀመጫ አጥንቶች ፈልጉ፣ ክብደታችሁ በየትኛው ላይ እንደበዛ እዩና አስተካክሉ። በአፍንጫ አራት እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ ስድስት እየቆጠራችሁ አስወጡ። ስታስወጡ አሳባችሁ አከርካሪ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ይረፍ። አስር ደቂቃ ይበቃል። ሙቀት ቢሰማችሁ ደግ፣ ምንም ባይሰማችሁም ደግ። ጣታችሁ መደንዘዝ ከጀመረ ወይም ራሳችሁ ከዞረ ቆጠራውን ተዉት፣ ዓይናችሁን ክፈቱ፣ መዳፋችሁን ወለሉ ላይ አድርጉና ትንፋሻችሁ በራሱ እስኪመለስ ጠብቁ። የዚያን ቀን ሌላ አትጨምሩ።