ጣፋጭ ሼሪ ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ ይህን እዩ

ሼሪ የሚባለው የስፔን ወይን ጠጅ ሁሉ ጣፋጭ አይደለም። ፊኖና ማንዛኒያ የሚባሉት ዓይነቶች ጣፋጭነት የሌላቸው ናቸው፤ ኦሎሮሶም መልኩ ጠቆር ቢልም ያው ነው። ጣፋጭ ከፈለጋችሁ «ክሪም»፣ «ሞስካቴል» ወይም «ፔድሮ ኺሜኔዝ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ።

እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ፔድሮ ኺሜኔዝን ነው። የወይኑ ፍሬ ከተለቀመ በኋላ በደቡብ ስፔን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ዘቢብ እስኪመስል ይደርቃል፤ ከዚያ ይጨመቃል። ጭማቂው ገና መፍላት ሲጀምር ከወይን የተጣራ አልኮል ስለሚጨመርበት እርሾው ሥራውን ያቆማል፣ ስኳሩም እዚያው ይቀራል። በሊትር ቢያንስ 212 ግራም! ብርጭቆውን ዘንበል ስታደርጉት እንደ ማር እየተጎተተ ይወርዳል፤ ሽታው ዘቢብ፣ ተምርና የተቆላ ቡና ነው።

ከምግብ ጋር ስታቀርቡት ወይኑ ከጣፋጩ ምግብ የበለጠ ይጣፍጥ፤ አለዚያ ኮምጣጣ ይመስላል። ፔድሮ ኺሜኔዝን ቫኒላ አይስክሬም ላይ አንድ ሁለት ማንኪያ አፍስሱበት፣ ሌላ ማባያ አያስፈልገውም። ከጥቁር ቸኮሌትም ይሄዳል። ግን እውነተኛው ጥምረት ጨው የበዛበት፣ ሰማያዊ ሻጋታ ያለው አይብ ነው፤ ስፔኖች ካብራሌስ የሚሉትን ካገኛችሁ እንዳያመልጣችሁ። ሞስካቴል ለብርቱካንና ለሎሚ ኬክ፣ ክሪም ደግሞ ለጉበት ፓቴ (ተፈጭቶ ዳቦ ላይ ለሚቀባ ጉበት) ይሆናል።

አልኮሉ ከ15 እስከ 22 በመቶ ስለሆነ በትንሽ ብርጭቆ፣ ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ቅዱት። የተከፈተው ጠርሙስ በደንብ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ከወር በላይ ይቆያል።