ስስ ላሜራን በሌዘር ፒኒንግ ሲያጠነክሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሌዘር ፒኒንግ ብረትን የሚያጠነክረው በሙቀት ሳይሆን በግፊት ነው። ከ5 እስከ 30 ናኖሰከንድ የሚቆይ የሌዘር ምት በላሜራው ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ቴፕ ወይም የአልሙኒየም ፎይል ገጽ ወደ ፕላዝማ፣ ማለትም እጅግ ወደጋለ በኤሌክትሪክ የተሞላ ጋዝ ይለውጠዋል። በላዩ የሚፈሰው ስስ ውሃ ፕላዝማውን አፍኖ ስለሚይዘው ግፊቱ ወደ ብረቱ ይዞራል። የተመታው ገጽ የመጨመቅ ውጥረት ይዞ ስለሚቀር ስንጥቅ በቀላሉ አይከፈትበትም።

ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኦሃዮ፣ በባቴል የምርምር ተቋም ዳብሮ በ1990ዎቹ ለቢ-1 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሞተር ምላጮች ዋለ። አብዛኛው የሥራ ልምድ ግን የተገኘው ከወፍራም አካላት ነው፤ በስስ ላሜራ ላይ የሚታየው ብልሽትም በአብዛኛው ከዚያው ይመነጫል። እዚህ እንደ ምሳሌ የምንወስደው ለአውሮፕላን ቆዳ የሚውለውን 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 2024-ቲ3 የተባለ የአልሙኒየም ቅይጥ ነው።

ኃይሉን ከሌላ ብረት መቅዳት

ይህ አልሙኒየም በዝግታ ሲጫን ቅርጹን ለዘለቄታው መለወጥ የሚጀምረው በ345 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። ግፊቱ እንዲህ በቅጽበት ሲመጣ ግን ጣሪያው ወደ እጥፍ፣ ማለትም ወደ 0.7 ጊጋፓስካል ይጠጋል። ጥሩ ውጤት የሚሰጠው የዚህ ጣሪያ ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ስለሆነ ከ1.4 እስከ 1.7 ጊጋፓስካል ይበቃል። በውሃ ሥር የሚፈጠረው ግፊት በጊጋፓስካል ሲለካ በግምት የሌዘሩ የኃይል ጥግግት (በካሬ ሴንቲሜትር የሚያርፈው ጊጋዋት) ስኩዌር ሩት ነው፤ ስለዚህ በካሬ ሴንቲሜትር ከ2 እስከ 3 ጊጋዋት በቂ ነው። ለቲታኒየም የተዘጋጀውን 9 ወይም 10 ጊጋዋት እዚህ ማምጣት ላሜራውን ማበላሸት ነው። ከ10 አካባቢ ሲያልፍ ደግሞ ውሃው ራሱ ፕላዝማ ሆኖ ጉልበቱን ይውጠዋል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ጎኑ 3 ሚሊሜትር የሆነ ካሬ፣ 20 ናኖሰከንድ ምት እና 3 ጊጋዋት ከተመረጠ የሚያስፈልገው 5.4 ጁል ነው። ይህ መለካት ያለበት ጨረሩ መስታወቶቹንና ሌንሱን አልፎ ላሜራው ቦታ ሲደርስ ነው። የማሽኑ ስክሪን ላይ ያለው ቁጥር መንገድ ላይ የባከነውን አይነግርም።

ጀርባውን ባዶ መተው

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሞገዱ በአልሙኒየም ውስጥ በሰከንድ ወደ 6 ኪሎሜትር ስለሚጓዝ የላሜራው ጀርባ ላይ የሚደርሰው በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ሲሶ ውስጥ ነው። ከጀርባው አየር ብቻ ካለ ጨምቆ የሄደው ሞገድ ጎታች ሆኖ ይመለሳል፤ ያኔ ፊት ለፊት የተገኘውን ጥቅም ይሸረሽራል፣ ሲበረታም ከጀርባው ስስ ቅርፊት ይገነጥላል። ይህን በቀላሉ የሚመለከቱት አሉ፤ ነገር ግን ጉዳቱ ከውጭ ሳይታይ ውስጥ ለውስጥ ሊጀምር ይችላል።

አንዳንዶች ጀርባው ላይ ውሃ ማድረግ ይበቃል ብለው ያስባሉ። አይበቃም፤ አልሙኒየምና ውሃ በሚገናኙበት ቦታ ከሞገዱ ከአምስት እጅ አራት እጅ በላይ የሚሆነው ጎታች ሆኖ ይመለሳል። መፍትሔው ከአንድ ዓይነት አልሙኒየም የተሠራ፣ ለጥ ብሎ የተስተካከለ፣ 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ድጋፍ ነው። ከአረብ ብረት (ስቲል) የተሠራ ድጋፍ ከሆነ ከፊሉ ሞገድ ይመለሳል፤ ሆኖም የሚመለሰው ጨምቆ እንጂ ጎትቶ ስላልሆነ ከባዶ ይሻላል። በመካከል የሚቀባው ግሪስ ወይም የአልትራሳውንድ ጄል አረፋ የሌለበትና እጅግ ስስ ይሁን፤ የሞገዱ ርዝመት 0.12 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነውና። ከሥራ በኋላ ላሜራውን ገልብጠው መብራት በአግድም ያብሩበት። የአንዳንድ ምቶች ቅርጽ ጀርባው ላይ ጎልቶ፣ የቀሩት ሳይታዩ ከቀሩ፣ ጎልቶ በታየበት ቦታ ጄሉ አልደረሰም ማለት ነው።

አንዱን ፊት ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ

በአንድ ወገን ብቻ የተመታ ላሜራ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተመታበት ወገን ያብጣል። ይህ ባሕርይ የቦይንግ 747-8 የክንፍ ቆዳዎችን ለማጉበጥ ሆን ተብሎ ውሏል። ማጠንከር ብቻ ከተፈለገ ግን ሥራውን በጥቂት ረድፍ ከፋፍሎ ፊትና ጀርባን ማፈራረቅ ይገባል። በሁለት ጨረር ሁለቱንም ወገን በአንድ ቅጽበት መምታት መጉበጥን ያስቀራል፤ ሆኖም ሞገዶቹ መሐል ላይ ስለሚደራረቡ መጀመሪያ የሙከራ ቁራጭ ቆርጦ ውስጡን በማይክሮስኮፕ ማየት ግዴታ ነው። በማሰሪያ ተይዞ ቀጥ ያለ ላሜራ ሲፈታ ሊጠማዘዝ ስለሚችል መጉበጡን መለካት ያለብዎት ከፈቱት በኋላ ነው።

የሚጎትተው ውጥረት የት እንደሚሄድ አለማሰብ

ጨምቀው ያስገቡት ሁሉ በሌላ ቦታ በመጎተት ይካካሳል። በወፍራም አካል ማካካሻው ወደ ውስጥ ይገባል። በ2 ሚሊሜትር ላሜራ ግን መጨመቁ ውፍረቱን በሙሉ ሊሸፍን ስለሚችል መጎተቱ ከተመታው ቦታ ዳር ይወጣል። የምቱን ወሰን ከሪቬት ቀዳዳ አጠገብ ካቆሙት፣ ስንጥቁን ሊያርቁ ያሰቡት ቦታ ላይ ራስዎ ጋበዙት። መጀመሪያ ካርታ ይሣሉ፤ ወሰኑ በአገልግሎት ጊዜ ጭነት የማይበዛበት ላይ ይውደቅ።

ቴፕ፣ ውሃና የምት ቅርጽ

ቴፑ ከተበሳ ብረቱ ቀልጦ ይረጋና ገጹ ላይ ጎታች ውጥረት ይፈጠራል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዙር አዲስ ቴፕ ይለጥፉ። የጃፓኑ ቶሺባ ያለ ቴፕ የሚሠራው በጣም ትናንሽና ጥቅጥቅ ባሉ ምቶች ነው፤ በትልቅ ምት ቴፑን ብቻ ማስቀረት እሱን መከተል አይደለም። ውሃው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ሆኖ ሳያቋርጥ ይፍሰስ፣ የሌንሱ መከለያ ላይ የረጨውም ይጠረግ። ክብ ምት መሐሉ ላይ የመጨመቅ ጉድለት ስለሚተው ካሬ ይመረጣል፤ ሁለተኛው ዙርም ከመጀመሪያው በግማሽ ካሬ ይዛነፍ።

በገጽ ልኬት ብቻ መርካት

ኤክስሬይ የሚያነበው ጥቂት አሥር ማይክሮሜትሮችን ብቻ ነው። ወደ ውስጥ ለማየት ገጹን በኤሌክትሮ ፖሊሽ (በኤሌክትሪክና በኬሚካል ፈሳሽ ብረቱን በስሱ በማንሳት) ሲልጡ ስሱ ላሜራ ራሱ ስለሚጎብጥ እርማት ሳይሠሩ ቁጥሩን አይመኑ። ቀዳዳ እየሰረሰሩ የመለኪያ ዘዴም ቢሆን የተለመደው ቀመር ለወፍራም አካል የተሠራ ነው። የብረት ድካም ሙከራውን (በተደጋጋሚ ጭነት መሰንጠቁን የሚያሳየውን) በዚያው ውፍረትና ላሜራው ሲመረት በተዳመጠበት በዚያው አቅጣጫ በተቆረጠ ናሙና ያድርጉ። ብየዳ ወይም በእቶን የሚደርቅ ቀለም ካለ ከፒኒንጉ በፊት ይለቅ፤ ሙቀት የገባውን ውጥረት ያላላዋል።