አንድ የብሪታንያ ፓርላማ አባል ስለ ኢትዮጵያ የተናገረውን ከሃንሳርድ እንዴት ፈልጎ ማግኘት ይቻላል?

የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን ጥር 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በታችኛው ምክር ቤት አንድ አጭር መግለጫ አሰምተው ነበር። ስለ አርበኞች ዘመን በሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ውስጥ «እንግሊዝ ለኢትዮጵያ ነጻነት ድጋፏን ገለጸች» ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። ጠቃሾቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመግለጫውን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ይወስዳሉ። ቀሪውን ለማንበብ ለንደን መሄድ አያስፈልግም። በፓርላማው የተነገረው ሁሉ ሃንሳርድ በሚባለው ቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል፤ ከ1803 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው መዝገብ ደግሞ በኢንተርኔት ለማንም በነጻ ክፍት ነው።

የአንድን አባል ንግግር ተከታትሎ ለማውጣት የሚከተለው አካሄድ ይጠቅማል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከጣሊያን ወረራ ዘመን የተወሰዱ ናቸው፤ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከአባሉ ስም ይጀምሩ

ፓርላማው ሁለት ገጾች አሉት። ሂስቶሪክ ሃንሳርድ የሚባለው ከ1803 እስከ 2005 ያለውን ይይዛል፤ ዋናው የሃንሳርድ ድረ ገጽ ደግሞ አዲሱንም ይጨምራል። ለቆየ ታሪክ የመጀመሪያው ይመቻል። እያንዳንዱ አባል የራሱ ገጽ ስላለው ስሙን ከፊደል ተራው መርጠው ሲገቡ የተናገረባቸው ዓመታት ተደርድረው ይመጣሉ። ዓመቱን ሲጫኑም የክርክሮቹ ርዕስ በየቀኑ ይዘረዘራል።

እዚህ ላይ የሚያደናግረው የማዕረግ ለውጥ ነው። ከኤደን በፊት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሰር ሳሙኤል ሆር በ1944 ቫይካውንት ቴምፕልዉድ፣ ኤደን ደግሞ በ1961 የኤቨን ኧርል ተብለው ወደ ላይኛው ምክር ቤት (የሎርዶቹ ምክር ቤት) ገብተዋል። ስለዚህ ፍለጋ ከመጀመርዎ በፊት ሰውየው በዚያ ዓመት በየትኛው ስም፣ በየትኛው ምክር ቤት እንደነበሩ ያጣሩ።

ቀኑን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ይመልሱ

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ 7 ዓመት፣ ከጥር በኋላ 8 ዓመት መጨመር እንዳለብን ሁላችንም እናውቃለን። ታኅሣሥ ግን ሁለቱን ዓመታት የሚያዋስን ወር ነው፤ የመጨረሻ ቀናቱ ወደ ጃንዋሪ ስለሚሻገሩ በእነሱም ላይ 8 ይጨመራል። የኤደን መግለጫ ቀን ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1941 ይሆናል። ለዚያ ዘመን ፍለጋ «አቢሲኒያ» የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ «ኢትዮጵያ» ብቻ ብለው ከፈለጉ ብዙ ክርክር ያመልጥዎታል።

የንግግሩን ዓይነት ይለዩ

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። በአባሉ ገጽ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ይመጣል፤ የአንድ ሰዓት ንግግርም፣ «አዎን ጌታዬ» የሚል መልስም እኩል አንድ መስመር ይይዛሉ። ስለዚህ መስመር ቆጥሮ «እገሌ ስለ ኢትዮጵያ ይህን ያህል ጊዜ ተናገሩ» ማለት ብዙም ትርጉም የለውም። ሚኒስትር የሆነ ሰው በየሳምንቱ ለሚቀርብለት ጥያቄ መመለስ ስላለበት ዝርዝሩ ይረዝማል፤ የሚያሰማውም የራሱን ልብ ሳይሆን መንግሥት የተስማማበትን ቃል ነው። ኤደን ጁን 18 ቀን 1936 በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሳ መንግሥታቸው መወሰኑን ያስታወቁት እንዲህ ባለ ሁኔታ ነው።

ተራ አባል ሲሆን ነገሩ ይለያል። የዩኒቨርሲቲዎች ተወካይ የነበሩት ኤሊኖር ራዝቦን የየትኛውም ፓርቲ አባል ስላልነበሩ ምን በሉ የሚላቸው የፓርቲ ተጠሪ አልነበረባቸውም። መንግሥትን በአቢሲኒያ ጉዳይ የሚወተውቱት በራሳቸው ፈቃድ ነበር። እንዲህ ያለ አባል ያቀረበው ሁለት መስመር ጥያቄ ከሚኒስትር ረጅም መግለጫ ይልቅ ስለ ሰውየው አቋም ብዙ ሊነግር ይችላል። ጥያቄ ሲያገኙ ታዲያ ተከትሎ የመጣውን ተጨማሪ ጥያቄም ያንብቡ። የመጀመሪያው አስቀድሞ በጽሑፍ የተመዘገበ ስለሆነ ሚኒስትሩ ተዘጋጅቶ ይመጣል። የሚፋጠጡት በሁለተኛው ላይ ነው።

ከላይም ከታችም ያንብቡ

በፍለጋ የሚመጣው ቁራጭ አንድ አንቀጽ ነው። ሙሉውን ክርክር የሚከፍተውን ማያያዣ ተጭነው ከአርእስቱ ይጀምሩ። በጁን 18ቱ ክርክር የኤደንን ንግግር ብቻ አንብቦ የወጣ ሰው፣ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ተነስተው መንግሥትን እንዴት እንደሸነቆጡት ሳያይ ይቀራል። ሆርም በዲሴምበር 1935 ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ጋር ባዘጋጁት፣ ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ለጣሊያን በሚሰጠው ዕቅድ ምክንያት ሥልጣን በለቀቁ ማግስት ተነስተው ዕቅዱን ሲከላከሉ፣ የሌበሩ መሪ አትሊ ደግሞ መንግሥትን ሲወቅሱ የሚገኙት በአንድ ቀን መዝገብ ውስጥ ነው።

ወደ ኤደን መግለጫ እንመለስ። የመጀመሪያው ክፍል የብሪታንያ መንግሥት ነጻ የኢትዮጵያ መንግሥት ዳግም መታየቱን በደስታ እንደሚቀበልና የአፄ ኃይለ ሥላሴን የዙፋን መብት እንደሚያውቅ ይናገራል። ጥቅሱ ብዙ ጊዜ የሚቆመው እዚህ ነው። ከዚያ በታች ግን ንጉሠ ነገሥቱ የውጭ እርዳታና ምክር እንደሚያስፈልጋቸው፣ ይህም ሰላም ሲወርድ በዓለም አቀፍ ስምምነት እንደሚወሰን፣ እስከዚያው ጦርነት ባለባቸው ቦታዎች ጊዜያዊ ወታደራዊ ቁጥጥር እንደሚኖር ተገልጿል። በአገሪቱ ላይ የግዛት ፍላጎት የለንም የሚል ቃልም አብሮ አለ። ይህን ሁለተኛ ክፍል ያነበበ ሰው ከነጻነት በኋላ የመጣው የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር፣ የ1942ቱ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነትና የኦጋዴን ጉዳይ ዱብ ዕዳ አይሆንበትም። በእኔ አስተያየት ስለዚያ ዘመን ከሚነሱት ክርክሮች ግማሾቹ መግለጫው እስከ መጨረሻው ቢነበብ ኖሮ አይነሱም ነበር።

ድምፁን ይመልከቱ

ክርክሩ በድምፅ ከተቋጨ የደጋፊዎችና የተቃዋሚዎች ስም ዝርዝር ከንግግሮቹ በኋላ ይገኛል። ተናግሮ ሳለ ድምፅ ያልሰጠ፣ ተቃውሞ ተናግሮም ከመንግሥት ጋር የሰጠ አባል ይኖራል፤ በማስታወሻዎ ላይ ሁለቱን ለየብቻ ይያዙ።

ሲጠቅሱ

ቀኑን፣ ምክር ቤቱን፣ የቅጹንና የዓምዱን ቁጥር ይጻፉ። ገጽ ሳይሆን ዓምድ ነው የሚቆጠረው። ሃንሳርድ መንተባተብና ድግግሞሽን አስቀርቶ ግልጽ ስሕተትን አቃንቶ የሚጽፍ መሆኑንም አይርሱ፤ የሐሳቡ ይዘት እንዳለ ነው፣ የአንደበቱ ቃል በቃል ግን ላይሆን ይችላል።

ዛሬ ያለን አባል ለመከታተል

በብሪታንያ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ከሁሉም ይቀላል። በ2004 የተጀመረው ዜይ ወርክ ፎር ዩ የተባለው ድረ ገጽ ላይ የቤታችሁን ፖስትኮድ ስታስገቡ የአካባቢያችሁ ተመራጭ ይወጣል፤ ኢሜይላችሁን ከመዘገባችሁም አባሉ በተናገረ ቁጥር፣ ወይም «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል በምክር ቤቱ በተነሳ ቁጥር መልእክት ይደርሳችኋል። ጽሑፉ በሃንሳርድ ላይ የሚወጣው ንግግሩ ከተሰማ ከሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ድምፀቱን መስማት ለሚፈልግ የፓርላማው የቪዲዮ መዝገብ አለ፤ በሃንሳርዱ ዳር የተጻፈው ሰዓት ከቪዲዮው ሰዓት ጋር ስለሚገጥም ቦታውን ማግኘት አይከብድም።