ባሕር ሲናወጥ የሚጠፋ ሞተር፦ ከጀልባ ታንክ ውስጥ ቆሻሻ ናፍጣን ማስወገድ

ጀልባው ታስሮ ሳለ ሞተሩ ሰላም ነው። ማዕበል ሲነሳ ግን ጉልበት ያጣል፣ ይንተፋተፋል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ብዙ ሰው ወዲያው ፖምፓውን ይጠረጥራል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የታንኩን ወለል ነው። ውኃው ጸጥ ሲል ቆሻሻው ታች ተኝቶ ይቆያል። ጀልባው ሲንገላታ ይነሳና ነዳጅ በሚስበው ቱቦ ይገባል።

ፊልትሮውን ፍቱና እዩት። ጥቁር፣ የሚያሟልጭ ነገር ከለበሰ ታንኩ ውስጥ ሕይወት አለ ማለት ነው። ቀልድ አይደለም። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይጠራቀማል። ባክቴሪያና ሻጋታ ደግሞ ውኃውና ናፍጣው በሚገናኙበት መስመር ላይ ይራባሉ፤ ናፍጣው ምግባቸው ነው። ውኃ ከሌለ እነሱም የሉም። ስለዚህ ፊልትሮ መቀየር ብቻውን ትኩሳቱን አብርዶ በሽታውን መተው ነው።

ለማረጋገጥ ከታንኩ ግርጌ ትንሽ ናፍጣ በንጹሕ ብርጭቆ ዕቃ ቅዱና አሳድሩት። ውኃው ከታች ይለያል። በመሐል ቡናማ ወይም ጥቁር ድር መሳይ ነገር ከተንሳፈፈ ተህዋስያኑ ናቸው። ሳያድርም ደብዝዞ ከታየ ውኃ ተቀላቅሎበታል።

መፍትሄው ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ውኃውን ከታች ማስወጣት፣ ከዚያ ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት በተጻፈው ልክ መጨመር። መድኃኒቱ መርዝ ስለሆነ ጓንት አይረሳ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፦ የሞተው ተህዋስ አይተንም፤ ሬሳው ፊልትሮ ይደፍናል። መድኃኒት ጨምሮ በማግስቱ ሩቅ መጓዝ አይመከርም። ዝቃጩ ከበዛ መድኃኒት አያድነውም፤ የታንኩን መክፈቻ ፈትቶ ማጠብ፣ ናፍጣውንም በፖምፓ እያዞሩ ማጣራት ነው። የወጣውን ቆሻሻ ወደ ባሕር መድፋት ነውርም ወንጀልም ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ፣ ትንሽ አርፎ እንደገና ከተነሳና ጥቂት ሄዶ ከጠፋ? የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ወንፊት ካለ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ናፍጣው ውስጥ አረፋ ከታየ ግን ጥፋቱ አየር ነው፤ የቱቦ ማሰሪያዎችን አጥብቁ።

ውኃው በየት ገባ? ታንክን ሞልቶ ማቆም ጤዛን ይቀንሳል ይባላል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ከጤዛ በፊት የማየው ጀልባው ወለል ላይ ያለውን የመሙያ ክዳን ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ዝናብና የባሕር ውኃ በዚያ ይገባል። ርካሽ ነገር ነው፣ ቀይሩት። የታንኩ መተንፈሻ ቱቦ አፍም ማዕበል በሚደርስበት ቦታ እንዳይሆን።

ከታንክ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ፊልትሮ ውኃ የሚለይ ይሁን፤ 10 ወይም 30 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ) ቀዳዳ ያለው ይበቃል። ሞተሩ ላይ ያለው ሁለተኛው ጠበቅ ይላል። በመጀመሪያው ሥር የተጠራቀመውን ውኃ ከጉዞ በፊት ክፈቱና አፍስሱ። መለዋወጫ ፊልትሮ ከአንድ በላይ ያዙ። ከቀየራችሁ በኋላ ከነዳጅ መስመሩ አየር ማስወጣትንም ወደብ ላይ ተለማመዱት፤ በጨለማና በማዕበል መሐል የትኛው ብሎን እንደሚላላ መፈለግ አስቸጋሪ ነው።